ስፔን የዘመተው ወገናችን

ሰው ለሰርጉ በሬ ያደልባል፤ እኔ ያደለብኩት የቅድመ አያቴን ወንድም ነው። አደለብኩት፣ አደለብኩትና መልሶ ሰርጌን ሊበላብኝ ደረሰ።

ስሜ ቢያዝን ይባላል። ጎንደር ከተማ ባጃጅ እነዳለሁ፤ ቱሪስት ሲገኝ ደግሞ አስጎብኚ ነኝ። ፈቃዱ የለኝም፣ አፉ ግን አለኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው፤ ደጋግሜ ተቀምጬበት ስላልተግባባን በሰላም ተለያየን። የታሪክ አስተማሪያችን፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ የኔ መልስ ሁልጊዜ ከጥያቄው እንደሚበልጥ፣ ችግሩ እውነት አለመሆኑ ብቻ እንደሆነ ይነግሩኝ ነበር። ስፓኒሽ ያስተማረኝ ግቢያችን ተከራይቶ የነበረ የኩባ ሐኪም ነው። እሑድ እሑድ ዶሚኖ ሲሸነፍ አጠገቡ ስለምቀመጥ ቋንቋዬ ግማሹ ስድብ ነው፤ ያንን ግማሽ እንግዳ ፊት አላወጣውም።

ያን ሰሞን ስንዱን ላገባ ቀን ተቆርጦልኛል። ስንዱ ሆስፒታል ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች፤ ዲግሪ አላት። ምን አይታብኝ እንደወደደችኝ ስጠይቃት አታድርቀኝ ትለኛለች። አባቷ አቶ ጌትነት ከመንግሥት ቢሮ ጡረታ የወጡ፣ ከረባት ሳያስሩ ዳቦ ሊገዙ እንኳ የማይወጡ ሰው ናቸው። የላክሁባቸውን ሽማግሌ ሁሉ ይመልሱት ነበር፤ በመጨረሻ እሺ ያሉት እኔን ወደው ሳይሆን ስንዱ እህል ስላቆመች ነው። ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ እንዲሆን ተስማማን። እንግዲህ በዚህ ነገር ሁሉ ውስጥ እኔ የምፈልገው ስንዱን ብቻ ነው። ስፔንን አልፈለግኋትም፤ እሷ ናት ፈልጋ የመጣችብኝ።

የመጣችውም በአንዲት ሴትዮ ተመስላ ነው። ኑሪያ ትባላለች፤ ባርሴሎና ከሚባል ከተማ የመጣች፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋት የቀድሞ አስተማሪ። ፋሲል ግንብ በር ላይ በኩባኛ ሰላም ስላት ደንግጣ ባጃጄ ውስጥ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ባጃጅ አልያዘችም። ወደ ቀሐ ወሰድኳት። የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ለጥምቀት የእንጨት መቀመጫ እየተሠራ ነበርና፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የመዶሻውን ድምፅ እየሰማን የመጣችበትን ጉዳይ አጫወተችኝ።

ጣልያን እኛ ላይ በመጣበት ሰሞን እነሱም አገር ጦርነት ተነሥቷል ለካ። ጄኔራሎቹ ሕዝቡ በመረጠው መንግሥት ላይ ሸፍተው፣ አገሩ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ወንድም ከወንድሙ ሲገዳደል ከረመ። ሂትለርና ሙሶሊኒ ለጄኔራሎቹ ጦር ላኩ። በመንግሥቱ በኩል ደግሞ ከዓለም ዙሪያ፣ ከአሜሪካ ቢሉ ከፖላንድ፣ አናጢው፣ ገጣሚው፣ መርከበኛው ማንም ሳያዘው በፈቃዱ እየመጣ ተሰለፈ። እሷ እንግዲህ የነዚያን የፈቃድ ዘማቾች ታሪክ ትሰበስባለች፤ ማን ከየት እንደመጣ፣ የት እንደወደቀ። ከእኛ አገር የሄደ ሰው መኖሩን ሰምቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ይህን ጥያቄ እኔን መጠየቅ ለሰካራም የጠጅ ቤት ቁልፍ እንደ መስጠት ነው።

"አለ እንጂ" አልኳት። "የቅድመ አያቴ ወንድም፣ ባላምባራስ አንዳርጋቸው።"

ስሙን ከየት አመጣኸው ብትሉኝ፣ ጣውላ ያመጣ የጭነት ማኪና ፊት ለፊታችን ቆሞ ነበር፤ በሩ ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፏል። ማዕረጉን ግን ከራሴ ነው የጨመርኩለት።

ጣልያን ጎንደር ሲገባ አንዳርጋቸው ሊሸፍት ጫካ ቢወርድ፣ ጫካው በአርበኛ ሞልቶ መቀመጫ አጣ። እንግዲያው ጣልያን ሌላ የት ይገኛል ብሎ ጠየቀ። በመተማ በኩል ተሻግሮ ካርቱም ቢደርስ አንድ የግሪክ ነጋዴ ስፔን ውስጥ ሞልቶልሃል አለው። ጋሻውን አንግቦ መርከብ ተሳፈረ። ከፈረንሳይ ወደ ስፔን የሚገባው በትልልቅ ተራሮች ላይ፣ በእግር ነው። እንግሊዙ እያለከለከ፣ ፖላንዱ ጎኑን ይዞ እየተቀመጠ እንደምንም ጫፍ ደረሱ። አንዳርጋቸው የሰሜን ደጋ ልጅ ነውና፣ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ዳገቱ መቼ እንደሚመጣ ጠየቃቸው።

ጓዳላሃራ በምትባል ቦታ የሙሶሊኒ ጦር ዝናብ ያዘው። ማኪናው ሁሉ እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆመ። የእኛ ወገን፣ የእኛ ማለት ጀምሬአለሁ፣ እጃችሁን ስጡ እያለ በድምፅ ማጉያ ይለፍፋል። በጣልያንኛ ቢናገሩ የሚሰማ ጠፋ። ይኼኔ አንዳርጋቸው ማጉያውን ነጥቆ በአማርኛ ይፎክር ጀመር። ከጣልያኖቹ መካከል ሐበሻ አገር ከርመው የተመለሱ ነበሩ፤ ድምፁን ሲሰሙ እነዚህ ሰዎች እዚህም አሉ እንዴ ብለው፣ ጫማቸውን ጭቃው ውስጥ ትተው በካልሲ ሮጡ።

ኑሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን ድምፅ ማጉያው እውነት እንደነበረ ነገረችኝ። ጭቃውም እውነት ነው። በማጉያው በጣልያንኛ ይጣሩ የነበሩት ደግሞ ራሳቸው ጣልያኖች ናቸው አለች፤ ሙሶሊኒን ጠልተው ከአገራቸው የወጡ፣ በፈቃዳቸው ከመንግሥቱ ጎን የተሰለፉ። ጣልያን ከጉድጓድ ሆኖ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ጣልያን ወንድሜ ና እያለ ይጠራው ነበር። ይኼን አላውቅም ነበር። ውሸቴ እውነት መካከል ገብቶ መቀመጫ ሲያገኝ ሳይ ትንሽ ደነገጥኩ።

"ከነገርከኝ ውስጥ እውነቱ የቱ ነው?" አለችኝ።

"ጭቃው።"

እንደገና ሳቀች፤ ወደደችኝ። ያልተታለለ ሰው ነው እንዲህ የሚስቀው። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ ጥሩ ነበር አለች፤ አሁን አገሯ አዲስ ሕግ አውጥታለች፣ የነዚያ የፈቃድ ዘማቾች ዘር የስፔን ዜግነት መጠየቅ ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ተራ ላይ ጓደኞቼ ፈረንጇ ምን እንደምትፈልግ ጠየቁኝ። አንዳርጋቸውን ከነፉከራው ዘረገፍኩላቸው። ለማሳረጊያ ያህል፣ ሴትዮዋ የዘማቾቹን ታሪክ እንደምትፈልግና ለዘራቸው ዜግነት እንደሚሰጥ ተናገርኩ። ከቀኑ ወሬዬ ውስጥ እውነት የነበረችው እሷ ብቻ ናት፤ ያጠፋችኝም እሷ ናት።

አብዮት የሚባል ባልደረባ አለኝ፤ ነገር ጆሮው ከገባ ባጃጁን አጥፍቶ በእግሩ ነው የሚያደርሰው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀሐ ሰማ፤ በማግስቱ ፒያሳ ሰማ።

እዚህ ላይ የአገሬን ሰው ጠባይ ልነግራችሁ ይገባል። የስፔን ሕግ ዘር ሲል ልጅና የልጅ ልጅ ማለቱ ነው። በጌምድር ውስጥ ግን ዘር ሲባል ርስት ነው የሚታሰበው፤ በወንድ ይሁን በሴት፣ ቆጥሮ ቆጥሮ ከአንድ አባት የደረሰ ሁሉ ይገባኛል ይላል። የመሬቱ ርስት በአዋጅ ከቀረ ቆይቷል፤ ቆጠራው ግን ከአፋችን አልወጣም፣ የሚቆጠርለት ነገር አጥቶ ተቀምጦ ነበር። አሁን ስፔን ተገኘች። ፀጉር አስተካካዩ ፊልጶስ ሰው ላጭቶ ሳይጨርስ ከአንዳርጋቸው አጎት ተነሥቶ እስከ ራሱ አያት ቆጠረ። መሪጌታ ሐብተ ማርያም የትውልዱን ሐረግ በዜማ አወረዱት። በርበሬ የምትሸጠው አልማዝ የባላምባራሱ ፎቶ ሳሎኗ ተሰቅሏል አለች፤ ሄጄ አየሁት፣ የማዘጋጃ ቤት ዘበኛ የነበረው አጎቷ ነው፣ ኮፍያው ብቻ ባላምባራስ ይመስላል። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ ስፔን ዘመድ አወጣ።

እስከዚህ ድረስ ለኔ ሠርግና ምላሽ ነበር። ከዚያ አቶ ጌትነት አስጠሩኝ።

ሳሎናቸው ገብቼ ቆምኩ፤ ተቀመጥ አሉኝ። ከተጫጨን ወዲህ ተቀመጥ ብለውኝ አያውቁም። ብርቱካን አቀረቡልኝ። ስለ ባላምባራሱ ጀግንነት ብዙ ካነሡ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቢያዝን ልጄ፣ ለመሆኑ እህት አልነበራቸውም?" አሉኝ።

ልጄ የሚለው ቃል ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ለዚህ ቃል እንኳን እህት አክስትም እሰጣቸው ነበር። ነበረች እንጂ፣ ያውም ሸጋ፣ አልኳቸው። የት እንደተዳረች ጠየቁኝ። ወደ እንፍራንዝ ይመስለኛል አልኩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የአባታቸው እናት ይርገዱ የምትባል የእንፍራንዝ ሴት ናት፤ ወንድም እንደነበራት ሲወራ ልጅ ሆነው የሰሙ ይመስላቸዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አቶ ጌትነት ከከረባቱ በላይ ቆብ ጨመሩ፤ ዳቦ ሻጩንም "ኦላ" ይሉት ጀመር።

ነገሩን በሽማግሌ ለማጽናት ከእንፍራንዝ በላይ ካለው ደጋ አያ ሰውአገኝን አስመጡ። አያ ሰውአገኝ ዕድሜያቸውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሞተባቸው አዛውንት ናቸው። በርስት ዘመን ፍርድ ቤቱ ሁሉ ለዘር ቆጠራ እሳቸውን ነበር የሚጠራው። አላውቅም የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። አንዳርጋቸውን ያውቁት እንደሆነ ሲጠየቁ ምርኩዛቸውን አስደግፈው፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ በግራ እጁ የሚጎርስ ሰው ነበር አሉ። እኔ በግራ እጁ እንደሚጎርስ ለማንም አልተናገርኩም። እንዴት ልናገር፣ እኔም አላውቅም።

ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው መቁጠር ጀመሩ። በቀኝ እጃቸው ከይርገዱ ወርደው ስንዱ ላይ ደረሱ። አቶ ጌትነት በደስታ ፈገግ አሉ። በግራ እጃቸው ደግሞ ከአንዳርጋቸው ወንድም፣ ከቅድመ አያቴ ወርደው እኔ ላይ ደረሱ። ሁለቱን እጃቸውን አገናኝተው ጥቂት አዩዋቸው።

"አራት ቤት" አሉ። "ሰባት ያልሞላ ወገን ነው። ሰርጉ አይሆንም።"

አቶ ጌትነት ብርቱካኑን ከፊቴ ሳያነሡ፣ ትንሽ እንዳዘኑ ሆነው አጽናኑኝ። እንግዲህ ስንዱ እህትህ ናት፣ ስፔን ስንሄድ አንተም እንደ ወንድሟ አብረኸን ትሄዳለህ አሉኝ።

የዚያን ዕለት በሕይወቴ ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ እውነት ተናገርኩ።

"አቶ ጌትነት፣ ሰውየው የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

በሐዘኔታ አዩኝ። "አንተ ፈጥረኸው ከሆነ፣ አያ ሰውአገኝ እንዴት አወቁት?"

ጥቂት ቆይተው ግን ሐዘኔታቸው ወደ ቁጣ ዞረ፤ ስፔንን ለብቻዬ ልበላ እንዳሰብኩ ደረሱበት። በማግስቱ ወሬው ባጃጅ ተራ ቀድሞኝ ጠበቀኝ። ቢያዝን ወገኑን ካደ ተባለ። አብዮት ፊቱን አዞረብኝ። አያ ሰውአገኝን ለብቻቸው አግኝቼ፣ አያ፣ ሰውየውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብላቸው፣ "ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ ነው እኔ የማውቀው" አሉኝ። ቤቴ ስገባ ምናልባት ኖሮ ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ።

ስንዱን ሆስፒታል በር ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት። ስንዱ አትጮህም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ "አንተ ያመጣኸውን ሰው አንተው መልሰህ ውሰደው" አለችኝ። "እሑድ ቁስቋም ላይ ሽማግሎቹ ቃል ይሰጣሉ። እነሱ ወገን ናችሁ ካሉ እኔ ከአባቴና ከቄሱ ተጣልቼ አላገባህም። እስከዚያ አሰናብተው።"

ላሰናብተው ሞከርኩ። መጀመሪያ ገደልኩት። ኤብሮ የሚባል ወንዝ ላይ፣ ልጅ ሳይወልድ፣ ጥይት ግንባሩን መታው ብዬ አስወራሁ። ሰፈሩ አለቀሰለት፤ ለካ አባብሼዋለሁ። ልጅ ከሌለው ርስቱ ለወንድምና ለእህት ወገን ነው ተባለ፤ የአቶ ጌትነት ይዞታ ጭራሽ ጸና። ቀጥሎ ኑሪያን ለመንኳት። ሕጉ ከልጅና ከልጅ ልጅ እንደማያልፍ እሷው ራሷ ቤታቸው ሄዳ፣ እኔ እያስተረጎምኩ አስረዳቻቸው። አቶ ጌትነት በትህትና ሰምተው ሸኟት፤ ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ የመንግሥት ጉዳይ መጀመሪያ ሁልጊዜ አይቻልም እንደሚባል፣ እሳቸውም ሠላሳ ዓመት ቢሮ ተቀምጠው እንዲሁ ሲሉ እንደኖሩ ነገሩኝ።

እሑድ ደረሰ። ቅዳሴ ወጥቶ ሽማግሎቹ ከቁስቋም ቅጥር ውጭ ያለው ጽድ ሥር በክብ ተቀመጡ። አያ ሰውአገኝ መካከል፤ በቀኛቸው ፊልጶስ፣ ቀጥሎ መሪጌታ፣ ቀጥሎ አቶ ጌትነት ከነቆባቸው፤ ሌላው የአንዳርጋቸው ዘር ሁሉ በዙሪያው። ስንዱ ኑሪያን የምንትዋብን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ልታሳያት ወዲያ ማዶ ወስዳታለች፤ ከድንጋዩ ላይ ሆና ወደኔ ስታይ ይታየኛል። አያ ሰውአገኝ ጣታቸውን ለቆጠራ ሲያፍታቱ ተነሣሁ።

እውነት ተናግሬ አልሆነልኝም። ሰውየውን ገድዬም አልሞተልኝም። የቀረኝ እሱን ማዋረድ ነበር።

ነጠላዬን አጣፍቼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ የባላምባራሱን ታሪክ መጨረሻ አፍሬ ደብቄያችሁ ነበር አልኳቸው። በኤብሮ ወንዝ ዳር የመንግሥቱ ጦር ስንቅ አልቆበት ሣር እስከ ማኘክ ደርሷል። ከወንዙ ማዶ ግን የሙሶሊኒ ሰዎች ሰፍረዋል፤ ነፋሱ ከእነሱ ወደ እኛ ነው የሚነፍሰው። አንድ ቀን ጠዋት ነፋሱ የሱጎ ሽታ አመጣ። አንዳርጋቸው ቆመና አሸተተ። ጓደኞቹ ተው አሉት። አላደመጣቸውም፤ ጋሻውን እንደ ታንኳ ውኃው ላይ አንሳፍፎ፣ እየቀዘፈ ተሻገረ። ፓስታውን በላ፤ በግራ እጁ። ሲጠግብ የፋሺስቱን ጥቁር ሸሚዝ አጠለቁለት። ከዚያም ከጣልያን ጋር ወደ ጎንደር ተመልሶ፣ የአርበኞቹን ዋሻ እየጠቆመ ኖረ። "ባላምባራስ ያሉት ጣልያኖች ናቸው" ብዬ ተቀመጥኩ። "ወገናችን ባንዳ ነበር።"

ቀድመው ጉሮሯቸውን የጠረጉት አያ ሰውአገኝ ናቸው። እሳቸው የሚያውቁት አንዳርጋቸው ለካ የጭልጋ ሰው ነው፤ ከዚህ ወገን ጋር በጋብቻ እንኳ አይገናኝም። ፊልጶስ ድሮም ሲቆጥር አንድ አያት የጎደለው ይመስለው እንደነበር ተናገረ። አልማዝ ፎቶው የአጎቷ መሆኑን አስታወሰች። አቶ ጌትነት ቆባቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና፣ አያታቸው ይርገዱ ለእናቷ አንድ እንደነበረች፣ ወንድም ቀርቶ የአጎት ልጅ እንኳ እንዳልነበራት አስመዘገቡ። ስፔን ከሰዓት በፊት ባዶዋን ቀረች።

አያ ሰውአገኝ እንደገና ቆጠሩ። ሁለቱ እጃቸው አልተገናኘም።

"ወገን አይደሉም" አሉ። "ይጋቡ።"

ወደ ማዶ ነጠላዬን አውለበለብኩ። ስንዱ ኑሪያን እየጎተተች ወደኛ ስትመጣ፣ አቶ ጌትነት ተነሡ።

"ወገን አይደለንም፤ በጄ" አሉ ረጋ ብለው። "ለባንዳ ዘር ግን ልጄን አልሰጥም።"

ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ሁሉም ሰው ሲክደው አንዳርጋቸው የቀረው ለኔ ብቻ ነው። እንደገና እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ማንም እንደማያምነኝ ሳስብ ዘጋሁት። ስንዱ ከክቡ ጠርዝ ላይ ቆማ ነገሩን ሰማች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። እኔ ላይ ሳይሆን አባቷ ላይ ነው የተለወጠው። ኑሪያ ሰዉ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት፤ በእንግሊዝኛ አስረዳቻት። ፈረንጇ ጥቂት አሰበችና ለመናገር ፈቃድ ጠየቀች። እኔ ላስተረጉም ስነሣ ስንዱ ተቀመጥ በሚል እጅ አስቀመጠችኝ፤ ራሷ አስተረጎመች።

"የኔ አያት ከጄኔራሎቹ ጋር ነበር" አለች ኑሪያ። "ወንድሙ ከመንግሥቱ ጋር። አንድ አልጋ ላይ ያደጉ ናቸው። ወንድሙን ገድለው የጣሉት የትኛው ቦይ ውስጥ እንደሆነ አያቴ ያውቅ ነበር፤ እስኪሞት አልተናገረም። ጦርነቱ ካለቀ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ እኛ ግን ከወንድሙ ልጆች ጋር እስከ ዛሬ አንድ ሰርግ ላይ አንቆምም። እኔ የሌላ አገር ሰዎችን መቃብር የምፈልገው የራሳችንን ስለማያስከፍቱኝ ነው። ከተሳሳተው ወገን የተወለደ አይጋባ ቢባል፣ የኔ አገር ዛሬ ሰው አይኖራትም ነበር።"

ስንዱ የመጨረሻውን አባቷን እያየች አስተረጎመችው። አቶ ጌትነት መሬት መሬት አዩ፤ ቃላቸውን ግን አላነሡም። ከዚያ አያ ሰውአገኝ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አጋድመው አስቀመጡ።

"ሸጋ ተናገረች" አሉ። "እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ አርበኛውን ነው የቆጠርነው። አገሩ በሙሉ አርበኛ ከነበረ፣ ያን አምስት ዓመት ለጣልያን በቅሎ ይጭንለት የነበረው ማን ነው? እስቲ ዛሬ ደግሞ ባንዳውን እንቁጠረው። ከራሴ ልጀምር።" አውራ ጣታቸውን አነሡ። "የእናቴ ወንድም። እንፍራንዝ ላይ መንገድ ይመራላቸው ነበር። እናቴ ስሙን በቤታችን አስጠርታው አታውቅም።"

ይህን ከአፋቸው የሰማ ሰው አልነበረም። ሌባ ጣታቸውን አስከተሉና ወደ ቀኛቸው ዞሩ።

"ፊልጶስ፣ ያንተ አያት ደግሞ ልብሳቸውን ይሰፋ ነበር። ሸሚዙን ሳይቀር።"

ፊልጶስ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ሳበው። መሪጌታ ሐብተ ማርያም ድንገት ሳል ያዛቸው፤ አያ ሰውአገኝ ሳሉ እስኪያልፍ በትዕግሥት ጠበቁና፣ የመሪጌታን ወገን በአጭሩ፣ ለክህነታቸው ሲሉ በለሰለሰ ቃል ቆጠሩት። ከመሪጌታ ቀጥሎ የተቀመጡት አቶ ጌትነት ናቸው። የአያ ሰውአገኝ ቀጣይ ጣት ቀስ ብሎ ተነሣ።

"ጌትነት፣ ያንተ ቤት እንግዲህ..."

"አያ፣ ይብቃ" አሉ አቶ ጌትነት። ከረባታቸውን ላላ አደረጉት። "ልጄን ሰጥቻለሁ።"

"ምነው፣ ገና አልጀመርኩም እኮ።"

"ሰጥቻለሁ አልኩ። ይጋቡ። ፀሐዩም በርትቷል።"

አያ ሰውአገኝ ጣታቸውን ቁልቁል አጠፉት። ክቡ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ከአቶ ጌትነት ቀጥሎ የተቀመጠው በተለይ፣ ሲተነፍስ ተሰማ። አንዳንዶቹ እልል አሉ፤ ከደስታ ይሁን ከመትረፍ አላወቅሁም። ሰዉ ሲበተን አያ ሰውአገኝን እስከ ማኪና መናኸሪያ በባጃጄ አደረስኳቸው። በመንገድ ላይ፣ የአቶ ጌትነትን ቤት ነገር በእውነት ያውቁት እንደነበር ወይስ እንደኔ አሁን የፈጠሩት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው፣ "ምን ያደርግልሃል፣ አግኝተሃታል" አሉኝ።

ሰርጉ በተቆረጠለት ቀን ሆነ። ኑሪያ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ከሚዜዎቹ ጋር ጨፈረች፤ እስክስታው አንገቷ ላይ ለሳምንት እንደቆየ በኋላ ነገረችኝ። ከመሄዷ በፊት፣ አገሯ ስትገባ ለአያቷ ወንድም የልጅ ልጆች ልትደውል እንዳሰበች ለስንዱ አጫውታታለች። ደውላ እንደሆነ እስካሁን አልሰማንም።

እኛን ሙሽሮቹን በማኪና ይዘውን ሲዞሩ ስንዱ ቬሏን ወደ ኋላ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ስማ" አለችኝ። "ከዛሬ ወዲያ ሰው የምትፈጥረው ከኔ ጋር ብቻ ነው።"